ዝም ያለውን አምጣልኝ

በሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስሜ ቴኦፊሎ ነው። ሰው ግን "በረኛው" ይለኛል፤ የተናደደ ደግሞ ሌላ ሌላ ስም ይጨምርልኛል። አልቀየምም። ልጁ በትኩሳት እየነደደበት የመጣ ሰው እንዲመርቀኝ አልጠብቅም። የእኔም አፍ ቢሆን የማር ወለላ አይደለም።

የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ሲስተር ዙኒልዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሊቦሪዮ በሞትና በሕይወት መካከል በተንጠለጠለበት ቀን ያቺ ሴት ያደረገችውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። በከተማችን ስለ ከንቲባው የሚያወራ ሞልቷል፤ ስለ ኳስ የሚያወራማ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለ እሷ ግን አንድ ሰው አፉን ሲከፍት አልሰማሁም። ይኼ ያንገበግበኛል።

ዙኒልዳ ስትታይ ዓይን የምትሞላ ሴት አይደለችም። አጭር ናት። ነጭ ጫማዋን ቀይ አፈር ተለይቶት አያውቅም፤ ከቤቷ እስከ እኛ ያለው መንገድ አስፋልት አላየማ። አባቷ ከብት ነጂ ነበሩ፣ እናቷ የሰፈር አዋላጅ። ደም መፍራት የተወችው በልጅነቷ እናቷን ተከትላ ከቤት ቤት ስትዞር ነው ይላሉ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ አርጀንቲና ተሻገረና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። በዚህ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። የምታማርረው በዶሮዎቿ ነው። አንዷ ዶሮ እንቁላሏን የት እንደምትደብቅ ለማወቅ ያደረገችውን ክትትል ስታወራ ፍርድ ቤት ቆማ የምትመሰክር ነው የምትመስለው።

ጠዋት ገና ቦርሳዋን እንዳስቀመጠች የኦክስጅኑን ቧንቧ ትከፍታለች፤ ፊሽ ሲል ሰምታ ትዘጋዋለች። የአክታ መምጠጫውን ማሽን ታስነሳለች፣ ውኃ አስመጥጣ ታየዋለች። ከዚያ የመድኃኒቱን መሳቢያ ትስብና እያንዳንዱን ብልቃጥ በጣቷ ትነካለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው። በየቀኑ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ነገሩ ሰለቸኝና፣

"ሲስተር፣ ትናንት እኮ ነበረ፤ ሌሊቱን እግር አውጥቶ ይሄዳል እንዴ?" አልኳት።

"ትናንት ባልም ነበረኝ ቴኦ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመሳቢያው ሳታነሳ።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም።

የበሩን ሥራ ያስተማረችኝም እሷው ናት። ገና በተመደብኩ ሰሞን አንድ ሰውዬ የዓሣ መንጠቆ አውራ ጣቱ ላይ ተሰክቶበት መጣና ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸ። እኔም ደንግጬ፣ ሰዉን ግራና ቀኝ እየገፋሁ፣ ይዤው ወደ ውስጥ ስሮጥ ዙኒልዳ ብቅ አለች። ሰውዬውን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ አግዳሚው ጥግ ላይ ወደተቀመጡ አሮጊት ሄደ። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ይመስል ጭጭ ብለዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ እኛ ብርድ ብርድ ብሎን ጃኬት ደርበናል።

"እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

"ኧረ ምንም አይደል ልጄ። መንጋጋዬን ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ይልቅ ይኼ ልጅ ይቅደም፤ ሲሰቃይ አታይም?"

የልብ ሕመም ነበር። አሮጊቷን አቅፋ ነው ያስገባቻቸው ማለት ይቻላል። በሕይወት ወጡ፤ አሁንም በየፋሲካው የአይብ ዳቦ ጋግረው ያመጡልናል። ባለ መንጠቆው ሰውዬ ለሁለታችንም ለእናቶቻችንም የሚሆን ስድብ አውርዶ፣ ተራው ሲደርስ ጣቱን አሳክሞ ሄደ። ዙኒልዳ እጇን ታጥባ ስታበቃ ወደ እኔ መጣች።

"ስማ ቴኦ። የሚጮህ ሰው ለመጮህ የሚሆን አየር አለው። አንተ ዝም ያለውን አምጣልኝ።"

ሰው "ሐኪም ያዛል፣ ነርስ ትሰጣለች" ይላል። ልክ ነው፤ ዶክተራችን ግሪሴልዳም ብትሆን ጎበዝ ናት፣ ወጣት ብትሆንም እጇ አይንቀጠቀጥም። ግን ሐኪሟ ገና ከአንዱ በሽተኛ ቀና ሳትል፣ በበሩ የሚገባውን ሕዝብ አይቶ "አንተ አሁን፣ አንተ ቆይ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዙኒልዳ ናት። እኔ ገበያ ወጥቼ ከሁለት ሱሪ አንዱን መምረጥ ያቅተኛል። እሷ በየቀኑ በሰው ነፍስ ላይ ትመርጣለች፣ ከዚያ ቤቷ ሄዳ ለዶሮዎቿ በቆሎ ትበትናለች። ይኼ እንዴት እንደሚቻል አሁንም አይገባኝም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ወሩ ጥር ነበር፤ እኛ አገር ጥር ማለት ምድጃ ነው። ከምሳ በኋላ ስለነበር ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተጋድሟል፤ ሆስፒታሉም ፀጥ ብሏል። ሌላዋ ነርስ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዛ በአምቡላንሱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዳለች። ውስጥ የቀሩት ዶክተር ግሪሴልዳና ዙኒልዳ ብቻ ናቸው። በዚያ ፀጥታ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር እያጓራ መጥቶ በሩ ላይ ገጭ አለ። የሚነዳው ሊቦሪዮ ነው።

ሊቦሪዮ ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ስለነበር እኔው ነኝ ያሳደግኩት፤ ወንድም ይባል እንጂ ልጄ ነው። ከመንደራችን ሰዎች ጋር ሰሊጥ ሊያርም በማለዳ ወጥቶ ነበር። ከኋላው ጭነቱ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። አናስታሲዮ የሚባለው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፤ አፈኛ ነው፣ ደህና ቀንም ቢሆን ድምፁ ከመንደር መንደር ይሰማል። አማቹ፣ ማለት የልጁ ባል፣ በጎኑ ተንጠልጥሎ ያስታውካል። ሦስተኛው ዶን ፉልሄንሲዮ ናቸው፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ። ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

"ሞትኩ! ኧረ ቄስ ጥሩልኝ! ለሚስቴ ላሚቱን እንዳትሸጥ ንገሯት!" ይላል አናስታሲዮ።

እኔ ግን ዓይኔ ወንድሜ ላይ ነው።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔ ሹፌር ነኝ። ምንም አልሆንኩም። ይልቅ እነሱን ቶሎ በል" አለኝ፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ።

የካኩፔዋን እመቤታችንን በልቤ አመሰገንኩ። ሰው ራስ ወዳድ ነው፤ ሦስት ሰው እያቃሰተ እኔ የራሴን ሰው ቆሞ ሳይ ደስ አለኝ።

ዙኒልዳ ወጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ማሽተት ነው። ከዚያ የእያንዳንዳቸውን ዓይን በባትሪ አየች። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ጠቧል። ወደ ውስጥ ዞራ፣

"ዶክተር! የተባይ መርዝ ነው! ሦስት ናቸው!" ብላ ተጣራች።

ዶክተር ግሪሴልዳ የአንድ ሕፃን ቁስል ሰፍታ እየጨረሰች ነበር፤ ጓንቷን እየቀየረች ሮጠች። ዓይናቸውን አየች፣ ደረታቸውን አዳመጠች። "ልክ ነሽ። አትሮፒን አውጪ። ልብሳቸው ይውለቅ፣ ይታጠቡ" አለች፤ ተረዳድተን አስገብተን አልጋ ላይ አስተኛናቸው። አትሮፒን ለዚህ መርዝ ማርከሻው ነው፤ ጠዋት በጣት የተነካው ብልቃጥ ሁሉ እንዳለ አለ። የጎደለው እጅ ነው። መርፌው ተወግቶ የሚተው ዓይነት አይደለም፤ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ሳንባውን እያዳመጡ፣ አረፋው እስኪደርቅ እየደጋገሙ መስጠት ነው። ሁለት ሴቶች ከሁሉም አጠገብ ባንድ ጊዜ መቆም አይችሉም። መርዙ ደግሞ ገና ወደ ደማቸው እየገባ ነው፤ አሁን ደህና የሚመስለው ቆይቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማን ብዙ እንደወሰደ መታወቅ ነበረበት።

"ምን ረጫችሁ?" አለች ዙኒልዳ፣ እየወጋች፣ ልብስ በመቀስ እየቀደደች።

"ኧረ ምንም አልረጨንም፤ አረም ነው የነቀልነው" አለ አማቹ።

"ምን በላችሁ?"

"ከየቤታችን የያዝነውን።"

"ምን ጠጣችሁ?"

"ቴሬሬ ነዋ ሲስተር!" አለ አናስታሲዮ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል ተገርሞ። "ሌላ ምን ይጠጣል?"

እውነቱን ነው። በዚህ ሙቀት ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ያለ ሰው ከቴሬሬ ሌላ ምን ይጠጣል? በቀንድ ዋንጫ ውስጥ የሻይ ዓይነት ቅጠል አለ፤ በረዶ የገባበት ውኃ ይፈስበታል፤ ባንዱ መምጠጫ ሁሉም በየተራ ይጠጣል። የሚቀዳው አንድ ሰው ነው፤ በረዶውን ያመጣው። ሞልቶ ይሰጥሃል፣ ጠጥተህ ትመልሳለህ፣ ለሚቀጥለው ይሞላል። ምስጋና አይባልም። "አመሰግናለሁ" ካልክ በቃኝ ማለትህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀንዱ አንተን ዘሎ ያልፋል።

"ጣዕሙ እንዴት ነበር?"

አማቹ አስታውኮ ሲጨርስ መለሰ። "መጀመሪያ ደህና ነበር። እየቆየ መረረ። የመድኃኒት ቅጠል ወቅጠን ውኃው ውስጥ ጨምረን ስለነበር፣ መራራ ለጉበት ጥሩ ነው ተባብለን ጠጣነው።"

ዙኒልዳ እጇን ገታ አደረገች። "መጀመሪያ ደህና፣ በኋላ መራራ። በረዶው ሲቀልጥ ነው እንግዲህ። በረዶውን በምን ነበር ያረጋችሁት?"

ዝም አሉ። አናስታሲዮ ሳይቀር ዝም አለ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። መንደር ውስጥ በረዶ የሚሠራው በተገኘው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውኃ ሞልተህ ጎረቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታሳድረዋለህ። አንዱ ሰው የመርዝ ጠርሙስ አጥቦ ሞልቶበታል። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ ጓደኛቸውን ግን አሳልፈው አይሰጡም።

"እኔ ፖሊስ አይደለሁም" አለች ዙኒልዳ። "የማን ጠርሙስ ነው አላልኩም። መጀመሪያ 'አመሰግናለሁ' ያለው ማነው?"

ዶክተሯ ከዶን ፉልሄንሲዮ ደረት ላይ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በረዶው እየቀለጠ ሲሄድ መርዙ እየበዛ ከሄደ፣ ቀድሞ የተወ ትንሽ ጠጥቷል፤ መጨረሻ የተወ ብዙ።

"እኔ!" አለ አናስታሲዮ። "ሆዴን ቆረጠኝና እኔ ነኝ መጀመሪያ የተውኩት።"

"ከሱ ቀጥሎስ?"

"እኔ" አለ አማቹ።

"ዶን ፉልሄንሲዮ፣ እርስዎ ከሱ በኋላ ነዎት?"

ሽማግሌው በዓይናቸው አዎ አሉ።

"አንተስ ሊቦሪዮ?"

ወንድሜ በሩን ተደግፎ ቆሟል። "እኔማ መጀመሪያ ነው የተውኩት" አለ በመሐረቡ ውስጥ።

"ምን?" አናስታሲዮ ካልጋው ላይ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። "መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ! 'እንደ ሴት ቶሎ ጠገብክ' ብለህ የሳቅክብኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እየቀዳህ እኮ ነው የሳቅክብኝ!"

ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን አምልጦታል። ዙኒልዳ ወደ ወንድሜ ዞረች። ድምፅዋን አልጨመረችም።

"ቀጂው አመሰግናለሁ አይልም ሊቦሪዮ። የተረፈውን ጨልጦ ነው የሚነሳው። መሐረብህን ከአፍህ አንሳ።"

"ላብ ነው ሲስተር።"

"ላብ ከአፍ አይወጣም ልጄ። አንሳው።"

አነሳው። ምራቁ በአገጩ ላይ ወረደ። እነሱ ይቅደሙ ብሎ፣ ጠርሙሱ የእሱ ስለሆነ አፍሮ፣ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ያን ሁሉ መንገድ ሞተር ነድቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሲነገር ሰምቼ እንጂ እንዲህ በራሴ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። እሱም ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራተተ።

"ያዘው ቴኦ!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር በቅደም ተከተል ማስታወስ ይቸግረኛል። አልጋ ላይ ጣልነው። ሸሚዙ ተቀደደ፣ መርፌው ገባ። ከአፉ የሚወጣው አረፋ የሳሙና ነበር የሚመስለው። ዙኒልዳ ማሽኑን አስነስታ አረፋውን መጠጠች፤ አገጩን ወደ ላይ አነሳች፣ የአየር መስጫውን ጭምብል ፊቱ ላይ ገጠመችና በእጅ የሚጨመቀውን ፊኛ ለእኔ ሰጠችኝ።

"እኔ? እኔ በረኛ ነኝ ሲስተር!"

"አሁን ሳንባው ነህ። አንተ ስትተነፍስ ጭመቅ። አንተ ከደነገጥክ እሱም ይደነግጣል። እሱን አትየው፣ እኔን እይ።"

እሷን አየሁ። እሷን ማየት ማለት አንድ ቦታ ቆሞ ማየት አይደለም። ሄዳ ዶን ፉልሄንሲዮን ትወጋለች፣ ተመልሳ የሊቦሪዮን ደረት ታዳምጣለች፣ በመሐል አማቹን በጎኑ ታስተኛዋለች። አትሮጥም። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም፤ ግን ከሚሮጥ ሰው ቀድማ ትደርሳለች። አናስታሲዮ "ቄስ! ቄስ!" ሲል ከአልጋው አጠገብ ቆመችና፣

"መጮህ ከቻልክ መያዝም ትችላለህ። ና፣ የአማችህን ራስ እንዲህ አድርገህ ያዝ። ትውከቱ እንዳያንቀው። ከለቀቅከው ልጅህን ባል አልባ ታደርጋታለህ" አለችው።

አናስታሲዮ ዝም አለ። እያለቀሰ የአማቹን ራስ ያዘ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ያን ቀን አንድ ተአምር ብቻ ቢሆን ያየሁት ያ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ አማቹ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ዶክተሯ ተወርውራ ሄዳ ያዘችው። በዚያው ቅጽበት የእኔ ፊኛ እንቢ አለ። እጨምቃለሁ፣ አየሩ አይገባም። የወንድሜ ከንፈር ጠቆረ።

"ሲስተር" አለ አንድ ድምፅ። ዶን ፉልሄንሲዮ ናቸው። እጃቸውን ትንሽ አንስተዋል። ከመጡ ጀምሮ የተናገሯት ቃል እሷ ብቻ ናት።

"ሲስተር! ወንድሜ!" አልኩ እኔ።

ዙኒልዳ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ነበረች። ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ወንድሜን አየችው።

"እየተነፈሱ ነው ዶን ፉልሄንሲዮ፤ መጣሁ" አለች፤ ወደ እኔም መጣች። ጭምብሉን አነሳች፣ የመምጠጫውን ቱቦ እስከ ጉሮሮው ድረስ ሰደደች፣ አገጩን ወደፊት ሳበች፣ ሌላ መርፌ ሰጠች። "አሁን ጭመቅ" አለችኝ። ጨመቅኩ። ደረቱ ተነሳ። እኔ ከዚያ በፊት እግዚአብሔርን ብዙ ጊዜ አመስግኛለሁ፤ እንደዚያች ደረት መነሳት ያመሰገንኩበት ነገር ግን የለም።

ቀና ስትል ዶን ፉልሄንሲዮ ዝም ብለዋል። ደረታቸው ቆሟል። ሄዳ በሁለት እጇ ትጫናቸው ጀመር፤ ዶክተሯም አማቹ ጋብ ሲልለት መጥታ ተቀበለቻት። እየተቀባበሉ ብዙ ቆዩ፤ ላባቸው ሽማግሌው ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ዶክተሯ "በቃ ዙኒ" አለቻት። ዙኒልዳ ግን ትንሽ ቀጠለች፤ ከዚያ እጇን አነሳች።

የዶን ፉልሄንሲዮ ባለቤት ከመንደር በሰው ሞተር ደርሰው ውጪ ቆመዋል። ዶክተሯ ልትነግራቸው ወጣች። ዙኒልዳ የወንድሜን ደረት አንዴ አዳመጠችና፣ ሳፋ ውኃ ይዛ ሄዳ የሽማግሌውን እግር አጠበች። የማሳ ቀይ አፈር በጣቶቻቸው መካከል ደርቆ ነበር፤ አንድ በአንድ አወጣችው። ፀጉራቸውን በውኃ አስተኛች። አንሶላውን እስከ ደረታቸው አለበሰች። ማንም አላዘዛትም። ሚስታቸው ሲገቡ ባላቸውን ንጹሕ ሆነው አገኟቸው።

ሊቦሪዮ ሲመሽ በራሱ መተንፈስ ጀመረ። ደህና አድርጎ የነቃው በማግስቱ ጠዋት ነው። ዙኒልዳ ተራዋ አብቅቶ ነበር፣ ግን አልሄደችም፤ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ስትገባ ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ እኔን እየጠየቀኝ ነበር።

"ሌሎቹስ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው" አልኩት። ሰው ምን ይላል እንግዲህ?

"አይደለም" አለች ዙኒልዳ። "አናስታሲዮና አማቹ ደህና ናቸው። ዶን ፉልሄንሲዮ አርፈዋል።"

ደሜ ፈላ። "ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ገና አሁን እኮ ነው ነፍስ የዘራው!"

"ነገ በዚያ በር ሲወጣ ከማንም አፍ ይሰማዋል ቴኦ። ያን ጊዜ ብቻውን ነው። አሁን ግን አለሁ።"

ሊቦሪዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠርሙሱን ከትልቁ የአኩሪ አተር እርሻ ዳር እንዳገኘው፣ ጠንካራ ስለነበር እንደሳሳለት፣ በአሸዋና በሎሚ ቅጠል ደጋግሞ እንዳጠበው ለግድግዳው ነገረው። ከዚያ፣

"ለምን አዳንሽኝ?" አላት።

ዙኒልዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሥራ ቦታ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ዶን ፉልሄንሲዮ ጠርተውኝ ነበር" አለችው። "ያን ጊዜ አንተ አየር አጥተህ ጠቁረሃል፤ እሳቸው ይተነፍሱ ነበር። ወደ አንተ መጣሁ። ስመለስ አልነበሩም። ጠርሙሱን ያመጣኸው አንተ ነህ ሊቦሪዮ፣ እሱን አልወስድልህም። ጀርባዬን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ። እሳቸውን ብቻህን አትሸከማቸውም።"

"ዛሬ ቢሆንስ? ወደሳቸው ትሄጂ ነበር?"

"አልሄድም። ያንኑ ነው የማደርገው። እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።"

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሜን አዳነችልኝ ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። እሱን ለማንሳት ሌላ ሰው ከእጇ እንዳስቀመጠች፣ "ሲስተር! ወንድሜ!" ብዬ ስጮህ ምን እያልኳት እንደነበር አላሰብኩትም። ወንድሜ አለቀሰ። እሷ እስኪበቃው ድረስ ቁጭ አለች።

ለሞተ ሰው እንደ ወጉ ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ በዘጠነኛው መንደሩ ሁሉ ቤቱ ይሰበሰባል። ሊቦሪዮ በዚያው ሰሞን ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት ነበር። ምግብ አይበላም፣ ደጅ አይወጣም። የዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዙኒልዳ መጣች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ያለ ነጭ ልብስ ሳያት መጀመሪያዬ ስለነበር ለአፍታ ማን እንደሆነች ጠፋኝ።

"ተነስና ልበስ" አለችው። "እንሄዳለን።"

"በምን ዓይኔ ባለቤታቸውን አያቸዋለሁ ሲስተር? እግሬ አይሸከመኝም።"

"ይሸከምሃል። ደረትህን ያዳመጥኩት እኔ ነኝ፤ የምትችለውን ካንተ ይበልጥ አውቃለሁ።"

በሁለት በኩል ይዘነው ሄድን። የዶን ፉልሄንሲዮ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ማንጎው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ባለቤታቸው በጸሎቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ገና ቀና አላሉም። የወንድሜ እግር ቆመ። ዙኒልዳ የያዘችውን ክንድ ለእኔ ለቀቀችልኝና ብቻዋን ወደፊት ሄደች። ባለቤታቸው ቀና ሲሉ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው እሷ ላይ ነበር።